ተቆጣን እንጂ አልወጣንም

(ስለ ማኅበራዊ ሚዲያና ስለ ግላዊነት የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሰዓት ለማክበር እሞክራለሁ፤ ቃል ግን አልገባም።

የማወራችሁ በአብዛኛው ስለ አንድ ወር ነው። ወሩ ጃንዋሪ 2021 ነው። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ ወዲያና ወዲህ እያልኩ እንዳላምታታችሁ።

በዚያ ወር መጀመሪያ ዋትስአፕን የከፈተ ሰው አንድ ማስታወቂያ ጠበቀው። የአጠቃቀም ደንባችንንና የግላዊነት ፖሊሲያችንን አሻሽለናል ይላል። ከሥሩ "እስማማለሁ" የሚል ቁልፍ ተቀምጧል። እስከ ፌብሩዋሪ 8 ያልተስማማ አፑን መጠቀም አይችልም። ድርድር የለም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲመጣ እስከ መጨረሻው አንብቦ ቁልፉን የሚጫን አለ? አንድ እጅ ከኋላ አያለሁ። የሕግ ባለሙያ ነዎት? ገምቼ ነበር።

በዚያ ሰሞንም አብዛኛው ሰው ደንቡን አላነበበም። ግን ተቆጣ። ተቆጥቶም ዝም አላለም፤ ጓዙን ሸክፎ ተነሳ። ጃንዋሪ 7 ኢላን መስክ ትዊተር ላይ ሁለት ቃል ጻፈ፦ "ሲግናልን ተጠቀሙ"። ሲግናል እንደ ዋትስአፕ ያለ ሌላ የመልእክት መላላኪያ አፕ ነው። ወደ ሲግናል የጎረፈው ሰው የምዝገባ ኮድ የሚላክበትን መንገድ አጨናነቀው። ጃንዋሪ 15 ላይ ጭራሽ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ቴሌግራም ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ 25 ሚሊዮን አዲስ ሰው መጣልኝ አለ። ቱርክ ውስጥ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ጋዜጠኞችን የሚያገኝባቸውን ግሩፖች ቢፕ ወደሚባል የአገር ውስጥ አፕ አዛወረ። የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣንም ምርመራ ከፈተ። ሕንድ ውስጥ ዋትስአፕ በየጋዜጣው ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ገዝቶ "ግላዊነታችሁን እናከብራለን" እያለ ሰው ሲለማመጥ ከረመ።

በመሐል አንድ የሚያስቅ ነገርም ተፈጠረ። ቴክሳስ ውስጥ ሲግናል አድቫንስ የሚባል፣ ከአፑ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ትንሽ የሕክምና ቴክኖሎጂ ኩባንያ አለ። መስክ ጽፏል ሲባል ሰዎች ስም ብቻ አይተው አክሲዮኑን ገዙ። ከአንድ ዶላር በታች የነበረው ዋጋ በቀናት ውስጥ ከ38 ዶላር በላይ ደረሰ። ደንቡን ሳያነብ የሚስማማ ሰው፣ የኩባንያውን ማንነት ሳያጣራም ይገዛል ማለት ነው።

በመጨረሻ ዋትስአፕ ቀኑን ወደ ሜይ 15 ገፋው። ሜይ 15 ሲደርስም ያልተስማሙትን አካውንቶች አልዘጋም። ዛቻውን ዋጠው።

እሺ፣ ለመሆኑ ያ ሁሉ ሰው የሸሸው ከምንድን ነው? በየግሩፑ የተዛመተው ወሬ "ፌስቡክ መልእክታችሁን ሊያነብ ነው" የሚል ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ከ2016 ጀምሮ በዋትስአፕ የምንላላከው የግል መልእክት ከላኪው ስልክ ተቆልፎ ወጥቶ፣ የተቀባዩ ስልክ ላይ ነው የሚከፈተው። መሐል ላይ ያለው ኩባንያ ቁልፉ የለውም። አዲሱ ደንብ ይህንን አልነካም። በዋናነት የሚያወራው ከንግድ ድርጅቶች ጋር ስለምንጻጻፈው ነበር።

ታዲያ ወሬው ስሕተት ቢሆንም ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ፌስቡክ ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲስማማ፣ የሁለቱን አፖች አካውንት በአስተማማኝ መንገድ ማገናኘት አልችልም ብሎ ለአውሮፓ ኮሚሽን ተናግሮ ነበር። በ2016 ኦገስት ላይ ግን ዋትስአፕ የተጠቃሚዎቹን ስልክ ቁጥር ጨምሮ አንዳንድ መረጃ ለፌስቡክ ማጋራት ጀመረ። ያልፈለገ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ገብቶ እምቢ እንዲል ዕድል ተሰጠው። ያንን 30 ቀን የሚያስታውስ አለ? ኮሚሽኑ ግን አልረሳም። በ2017 አሳስተኸኛል ብሎ ፌስቡክን 110 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

እንግዲህ በ2021 ዓለም ሆ ብሎ የተነሳው፣ ለአምስት ዓመት ያህል ሲሠራበት በኖረ ነገር ላይ ነው። የ2016ቱ ማስታወቂያ "ካልፈለጋችሁ ተዉት" የሚል መውጫ ስለነበረው ብዙም ሳይንጫጫ አለፈ። የ2021ዱ ቀን ቆርጦ "ተስማማ ወይም ውጣ" አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውን ያነሳሳው ያ ቀነ ገደብ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምርና ከዚህ ወር እንውጣ። አንደኛ፣ ኩባንያው ራሱ አውሮፓ ውስጥ ዳታ በማጋራት ረገድ ምንም የሚቀየር ነገር የለም ብሎ ነበር። ፍራንክፈርት ያለች እህታችሁና አዲስ አበባ ያላችሁት እናንተ አንድ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ የምትተዳደሩበት ደንብ ለየቅል ነው። የአውሮፓ ሰው ከእኛ የበለጠ ስለጮኸ አይደለም። ከ2018 ሜይ ጀምሮ የሚሠራ ጠንካራ የዳታ ጥበቃ ሕግ ስላለው ነው።

ሁለተኛው የእኛን አገር ሰው በቀጥታ የሚመለከት ነው። ብዙው ሰው ግላዊነት ፍለጋ ብሎ የሸሸው ወደ ቴሌግራም ነው። ቴሌግራምን እወደዋለሁ። በደካማ ኔትወርክ ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ያሳልፋል፣ ክፍት የሥራ ማስታወቂያው፣ ፒዲኤፉ፣ የፈተና ጥያቄው ሁሉ እዚያ ነው። ነገር ግን የተለመደው የቴሌግራም መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲቆለፍ ከፈለጋችሁ ሚስጥራዊ ቻት የሚለውን ራሳችሁ መክፈት አለባችሁ፤ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሠራም። ዋትስአፕ መልእክቴን ሊያነብ ነው ብሎ ወደ ቴሌግራም የተሻገረ ሰው፣ የተቆለፈውን ትቶ ወዳልተቆለፈው ነው የሄደው። ጭራሽ በዚያው ጃንዋሪ መጨረሻ ቴሌግራም የዋትስአፕ ቻታችሁን ከነታሪኩ አምጡልኝ የሚል አገልግሎት ጀመረ። ብልጥ ነጋዴ ናቸው።

ከዚያስ? ዋትስአፕ በ2020 መጀመሪያ 2 ቢሊዮን ተጠቃሚ ነበረው። በ2025 ባለቤቶቹ ከ3 ቢሊዮን አልፏል አሉ። ሲግናልን የጫነው አብዛኛው ሰው ዋትስአፕን አላጠፋም። ሁለቱንም ይዞ ቀጠለ።

ይህንን የሚያዩ ሰዎች ቶሎ የሚሰጡት ፍርድ አለ። "ሰው ግብዝ ነው፤ ስለ ግላዊነት ይጮሃል፣ ነገ ተመልሶ የምሳውን ፎቶ ይለጥፋል" ይላሉ። ተመራማሪዎችም የግላዊነት ተቃርኖ የሚል ስም አውጥተውለታል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

በ2006 ሴፕቴምበር ፌስቡክ ዛሬ ሁላችንም ጣታችን እስኪዝል የምናንሸራትተውን ገጽ፣ ኒውስ ፊድን ጀመረ። ያን ጊዜ ተጠቃሚው ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ነው። የጓደኞቻችሁ እንቅስቃሴ ሁሉ ተሰብስቦ ፊታችሁ ሲቀርብ ሰው ደነገጠ። ተቃውሞ የሚያሰማ ግሩፕ ተከፈተ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ አባል አገኘ። ማርክ ዙከርበርግ በመጀመሪያ "ተረጋጉ፣ ተንፍሱ፣ ሰምተናችኋል" የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሰው የበለጠ ተናደደ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ ጥቂት መቆጣጠሪያዎች ጨመረ። ኒውስ ፊድ ግን አልተነሳም። የሚገርመው፣ የተቃውሞው ግሩፕ እንደ ሰደድ እሳት የተስፋፋው በዚያው በኒውስ ፊድ ነው። እገሌ ተቀላቀለ የሚለውን ያየ ሁሉ ተቀላቀለ። ኩባንያው ከዚያ የተማረው ግልጽ ነው፤ ጩኸት ያልፋል፣ ጩኸትም ራሱ ጥሩ ትራፊክ ነው።

በማግሥቱ ዓመት ግን ቢከን የሚባል ነገር አመጡና አልሆነላቸውም። ከሌላ ድረ ገጽ የገዛችሁትን ዕቃ ለጓደኞቻችሁ የሚያሳብቅ ነበር። ሰው ለሚስቱ በድብቅ የገዛው ቀለበት ፌስቡክ ላይ ወጣበት። የተቃውሞ ፊርማ ተሰበሰበ፤ ኮካ ኮላን የመሰለ አስተዋዋቂም ወደ ኋላ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በፍርድ ቤት ክስ ታጅቦ፣ ቢከን ተዘጋ። እዚህ ላይ ከጮኸው ተጠቃሚ ጎን ገንዘብ ያለውም ሰው ቆሞ ነበር። ልብ በሉልኝ።

ከዚያ 2018 መጣ። የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ዳታ ለምርጫ ቅስቀሳ የወሰደውን የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት፣ የካምብሪጅ አናሊቲካን ጉዳይ ሰምታችኋል፤ ዝርዝሩን አልደግመውም። አንድ ሒሳብ ብቻ ልሥራ። አንድ የስብዕና መጠይቅ አፕ ነበር። ወደ 270 ሺህ ሰው ፈቅዶ ጫነው። የስንት ሰው ዳታ ወጣ? ፌስቡክ ራሱ እንዳመነው እስከ 87 ሚሊዮን። አንድ ሰው "እሺ" ሲል በአማካይ ከ300 በላይ ሰው አብሮ ተሰጠ። ጓደኞቹ ናቸው። አልተጠየቁም፣ አልፈቀዱም፣ መጠይቁንም አላዩትም።

የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ለእኔ እዚህ ነው ያለው። ስምምነቱን የምንጠየቀው በየግላችን ነው። የሚወጣው ዳታ ግን የጋራችን ነው። አንድ አፕ "የስልክ ማውጫህን ልይ?" ሲል እሺ ያለ ልጅ፣ ስማርት ስልክ ይዛ የማታውቀውን አያቱን ቁጥር ጭምር አስረክቧል። አያትየዋ "አልስማማም" የምትልበት ቁልፍ የት አለ?

መውጣቱም እንዲሁ ነው። በ2018 ፌስቡክን እናጥፋ የሚል ዘመቻ ተነሳ። ዋትስአፕን ከመሠረቱት አንዱ ብራያን አክተን "ጊዜው አሁን ነው" ብሎ ደገፈው። መስክ የቴስላንና የስፔስኤክስን ገጾች ዘጋ። ዓመቱ ሲያልቅ የፌስቡክ ወርኃዊ ተጠቃሚ ከ2.13 ቢሊዮን ወደ 2.32 ቢሊዮን አድጎ ነበር። ይህንን አይቶ "ሰው ግድ የለውም" ማለት ይቀላል። ግን እስቲ አስቡት። የሰፈራችሁ ዕድር ሰብሳቢ ሒሳብ አያያዙ ደስ አላላችሁም እንበል። ትወጣላችሁ? ብቻችሁን ወጥታችሁ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑን ማን ይተክላል? ትበሳጫላችሁ፣ ታጉረመርማላችሁ፣ መዋጯችሁን ግን ትከፍላላችሁ። ማንም ዕድርተኛውን ግብዝ አይለውም።

ከእኛ ሰው በላይ ይህንን የሚያውቅ የለም። ኢምሬቶች ውስጥ የምትሠራ ልጅ በዋትስአፕ መልእክት ትልካለች፤ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው ግን እዚያ ሲታገድ ኖሯል። ስለዚህ እዚያ የተፈቀደውን ቦቲም የሚባል የጥሪ አፕ ትጭናለች፤ እናቷም አገር ቤት ቦቲም ታስጭናለች። ዋሽንግተን ያለው ወንድም ዋትስአፕ ላይ ነው፣ ቴላቪቭ ያለችው አክስትም እንዲሁ፣ አዲስ አበባ ያሉት የአጎት ልጆች ቴሌግራም ላይ። የትኛው አፕ ዳታችንን በደንብ ይጠብቃል ብሎ የመረጠ የለም። የመረጠው እናት ያለችበትን ነው። እና እናት የግላዊነት ፖሊሲ አነበበች አላነበበች ማን ይጠይቃል?

መውጣት ያልቻለ ሰው ደግሞ ቢያንስ አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል። በየጊዜው የሚዞረውን ጽሑፍ አይታችሁታል፦ "ፌስቡክ ፎቶዬንና መረጃዬን እንዲጠቀም አልፈቅድም፣ ይህንን ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ"። ከ2012 ገደማ ጀምሮ ይዞራል። በእንግሊዝኛው ቅጂ የሮም ስምምነት ይጠቀሳል። የሮም ስምምነት ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የተቋቋመበት ሰነድ ነው፤ የጦር ወንጀለኛ የሚዳኝበት ማለት ነው። ከፎቶ ጋር ምን አገናኘው? በ2019 ይኸው ጽሑፍ ኢንስታግራም ላይ ሲዞር የወቅቱ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስትር ሪክ ፔሪ ሳይቀር ለጥፎታል። በ2024 ደግሞ "ደህና ሁን ሜታ ኤአይ" በሚል አዲስ መልክ ተመለሰ፤ ሜታ የፌስቡክ ኩባንያ አዲሱ ስሙ ነው። ሕጋዊ ዋጋው ዜሮ ነው። ብዙዎች ይስቁበታል። እኔ ግን አልስቅም፤ እሺ፣ በሮም ስምምነቱ እስቃለሁ። በተረፈ ያ ጽሑፍ የሚነግረን ሰው "አልፈቅድም" የሚልበት ቦታ ፈልጎ እንዳጣ ነው።

ይህ ግምቴ ብቻ አይደለም። በ2021 ኤፕሪል አፕል አይፎን ላይ አንድ ነገር ቀየረ። አፑ በሌሎች አፖችና ድረ ገጾች እየተከተለ እንዲያይህ ትፈቅዳለህ ወይስ አትፈቅድም? ሁለት ቁልፍ፣ አጭር ጥያቄ። የሚነበብ ፖሊሲ የለም፣ ጓደኛ ማጣት የለም፣ ግሩፕ መልቀቅ የለም። ብዙው ሰው አትከተለኝ አለ። ሜታ በ2022 ፌብሩዋሪ ለባለሀብቶቹ ሲናገር ይህ ለውጥ በዓመቱ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ያሳጣናል አለ። ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ በማግሥቱ የአክሲዮኑ ዋጋ 26 በመቶ ወደቀ። ያው "ግድ የለውም" የተባለው ሕዝብ ነው። አፕል ይህንን ያደረገው ለጽድቅ ነው አልልም፤ የራሱ የማስታወቂያ ሥራ አለው። ጥያቄው በአግባቡ ሲቀርብለት ግን ሰው መልሱን ያውቃል።

ሌላው መንገድ ረጅሙ ነው። ማክስ ሽሬምስ የሚባል ኦስትሪያዊ አለ። በ2011 የሕግ ተማሪ ሳለ ፌስቡክን "ስለ እኔ ያለህን ዳታ ላክልኝ" አለ። የአውሮፓ ሕግ ይህንን መብት ይሰጠዋል። 1,222 ገጽ መጣለት። አጥፍቼዋለሁ ያለው መልእክት ሁሉ ቁጭ ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ስክሪንሾት አንስቶ "ጉድ እዩ" ብሎ ይለጥፍ ነበር። ሽሬምስ ለአየርላንድ የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት አለ፤ የፌስቡክ የአውሮፓ ቢሮ ያለው እዚያ ነውና። ጉዳዩ እየሰፋ ሄዶ በ2015 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዳታ ወደ አሜሪካ የሚሄድበትን ስምምነት ሻረው። ምትኩን ስምምነትም በ2020 ሻረው። በ2023 ሜታ ከዚሁ ጋር በተያያዘ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጣ። አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው።  አየርላንድም በ2021፣ ከጃንዋሪው ጩኸት በፊት በጀመረችው ምርመራ፣ ዋትስአፕን ስለ ዳታ አጠቃቀሙ ለሰው በግልጽ አላሳወቅህም ብላ 225 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች። የጃንዋሪ 2021 ጩኸትም ቢሆን ጥርስ ያወጣው ተቋም ሲይዘው ነው። የሕንድ የውድድር ኮሚሽን በ2024 ኖቬምበር ስለዚያው የፖሊሲ ለውጥ ከ2.1 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ጣለበት።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ በደብዳቤም ሆነ በስልክ የምናደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይላል። በ2016 ዓ.ም. (ይህቺ በእኛ አቆጣጠር ናት) የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለ እኔ ምን ይዘሃል ብሎ የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማስተካከል፣ የማስጠፋት መብት አዋጁ ውስጥ አለ። ሕጉ አዲስ ነው፤ እስካሁን ጥርስ አለው አልላችሁም። ጥርስ የሚያወጣው የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ነው። ከፌስቡክ መጀመርም አያስፈልግም። የታክሲ ጥሪ አፑ፣ ባንኩ፣ የመታወቂያችሁን ኮፒ በቴሌግራም ላኩልኝ የሚለው አከራይ ሁሉ ዳታ ይዟል።

ጥያቄ ነበር መሰለኝ... እሺ፣ ይናገሩ እናቴ።

(ጥያቄው፦ "ታዲያ ልጄ፣ የማኅበራችንን ግሩፕ ከቴሌግራም ላውጣው ነው የምትለኝ?")

አይ፣ እትዬ፣ አያስወጡት። ብዙ ሰው ያለበትን ግሩፕ ማዛወር ጉልበት መጨረስ ነው፤ ግማሹ ይቀራል፣ ግማሹ ይጠፋብዎታል። ቴሌግራም በ2024 መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ፣ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ደንብ የጣሱ ሰዎችን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ አሳውቋል። ያም ሆኖ ሰው ከዚያ አልወጣም፤ በ2025 ከ1 ቢሊዮን ተጠቃሚ በላይ አለኝ ብሏል። ስለዚህ ማኅበሩ እዚያው ይሁን። የስብሰባ ቀን፣ የመዋጮ ማስታወሻ፣ የበዓል ሰላምታ ይላላኩበት። የአባላት መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር ፎቶ፣ የታመመ ሰው የሐኪም ወረቀት ግን አይለጠፍበት። ለእሱ ከልጆችዎ ጋር፣ አራትም አምስትም ሰው ብትሆኑ፣ ግሩፑም ጭምር ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚቆለፍበት በሲግናል ላይ ትንሽ ግሩፕ ይክፈቱ። ትንሽ ግሩፕ ማዛወር ይቻላል።

ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ ልጅዎ ሦስት ነገር ያስተካክልልዎ። ሴቲንግ ውስጥ ስልክ ቁጥርዎን ማንም እንዳያይ ያድርግ። የስልክ ማውጫዎን ማመሳሰል ያጥፋና ቀድሞ የተላከውንም ይሰርዝ፤ እሱም እዚያው ሴቲንግ ውስጥ አለ። ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃሉን ያብራ። እርስዎ ቁጥርዎን ደብቀው፣ ማኅበርተኛዎ ማውጫውን ከሰጠ ያው ስለሚሆን፣ ለማኅበሩ ሰዎችም በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንድ በአንድ ያሳዩልኝ።